የአንድ እግር ክሳት

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.፣ ረሀቡ በበረታበት ሰኔ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለች መንደር አዛውንቱ ገበሬ አቶ አባተ ከገብስ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ራሳቸው ተፈንክቶ፣ ሞተው ተገኙ። መርማሪው መቶ አለቃ ስማቸው ሲደርስ፣ ከቆላ ተሰዶ የመጣው ጀብሪል የፊጥኝ ታስሮ ነበር። ከጉያው ገብስ ተገኝቶበታል።

«ወላሂ፣ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ! ልጆቼ መንገድ ዳር ወድቀዋል ብላቸው ሰፈሩልኝ።»

«ሌባ ነው!» አለ የሟቹ ልጅ ክንፈ። «ትናንት ማታ አባቴን ገድሎ ሲሮጥ ውሻችን ይህን ካብ ዘሎ ሲያሳድደው በዐይኔ አይቻለሁ። ይሰቀል!»

ካቡ ደረት ይደርሳል። ውሻው ግን አንድ የኋላ እግሩን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መሬት አስነክቶ ቆሟል። መቶ አለቃው ተንበርክኮ የውሻውን ጉልበት ዳሰሰ። ቁስል የለበትም፤ ቅልጥሙ ግን ከጭኑ ሥር ወደ ፊት ሸርተት አለ።

«የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል።»

«ካቡን ሲዘል ይሆናላ! መርማሪ ላኩልን ብንል የውሻ ወጌሻ ላኩልን?»

መቶ አለቃው ሽማግሌዎቹንና የሟቹን ሚስት እመት ብርሀንነሽን ወደ ግቢው አስጠራ።

«ክንፈ፣ ደጎሎ ከተማ ከርመህ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። መቼ ተመለስህ?»

«ትናንት ማታ። ገብሱን የሚጭን መኪና ይዤ።»

«ከሄድህስ?»

«ከፋሲካ በፊት ነው።»

«እንግዲህ ሁላችሁም ውሻውን ተመልከቱ። አንዱ ጭን ሙሉ ነው፤ ሌላው ሟሽሾ አጥንት ሆኗል።»

«ረሀብ ነዋ! ማን ያልከሳ አለ?»

«ረሀብ አንዱን እግር ለይቶ አያከሳም። ይህ እግር ብዙ ሳምንት ሳይረግጥ ቆይቷል፤ ስለዚህ ውሻው ትናንት ካብ አልዘለለም። አንተ ርቀህ ስለ ነበር መጎዳቱን አላወቅህም። ማሳደድ ካልነበረ፣ አየሁት ያልኸውም ሌባ የለም። አባትህ ለተራበ የሚሰፍሩትን ገብስ አንተ ልትጭነው መጣህ፤ ጠባችሁ ይኸው ነው። እመት ብርሀንነሽ፣ ውሻው ማነከስ የጀመረው መቼ ነው?»

እናቲቱ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከእሱ በቀር የቀራቸው ሰው አልነበረም።

«ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጀምሮ። የክንፈ አባት በእጃቸው ነበር የሚያበሉት።»

«እናቴ! ዝም ብትዪ ምን ነበር?»

«ዝም ብል ይህን ሰው ይሰቅሉት ነበር፣ ልጄ።»

ክንፈ ተንበረከከ። «ከጉድጓዱ አፍ አልነሣም አሉኝ። ገፋኋቸው፤ ራሳቸው ድንጋይ ላይ አረፈ እንጂ መግደል አላሰብሁም።»

የጀብሪል እጅ ተፈታ።

«ልጄን ከመውሰድዎ በፊት» አሉ እናቲቱ፣ «አባቱን ይቅበር። በዚህ መንደር መቃብር ለመቆፈር አቅም ያለው ሰው አልቀረም።»

መቶ አለቃው ፈቀደ። ጀብሪል ገብሱን ለልጆቹ አድርሶ ሲመለስ መቃብሩ ገና ጉልበት አልደረሰም ነበር። ወደ መቃብሩ ወርዶ ክንፈ የሚቆፍረውን አፈር በእጁ ያወጣለት ጀመር።