የባሕር አገሩ መምህር አሟሟት

መምህር ሱፍያን የተገኘው ከውስጥ በተቀረቀረ ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ እንደተኛ ሞቶ ነው። ጉንጩ ቀልቷል። በአትላስ ተራራ ላይ ወዳለችው መንደራችን፣ ወደ አይት ኡፍላ፣ የመጣው በመስከረም ነበር፤ ከአስፊ፣ ከባሕር ዳርቻ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ፣ ለመጀመሪያ ሥራው። በረዶ በቴሌቪዥን ካልሆነ አይቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ልጅ እዚህ ድረስ የላከ ሰው አንጀት አለው ለማለት ይቸግረኛል።

መንደሩ ጥፋተኛ ለማግኘት እስከ ቁርስ እንኳ አልታገሠም። ግማሹ ክፍሉ ጂን አለበት አለ፤ የቀድሞው መምህርም የሚያቃስት ነገር ይሰማኛል ብሎ ነበር የሸሸው። ቀሪው በጀሊላ ላይ ጠቆመ። ጀሊላም ከባሕር ዳርቻ፣ ከላራሽ፣ የመጣች ሁለተኛዋ መምህርት ናት፤ ከሱፍያን ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። ማታ ሾርባ የሰጠችው እሷ ናት። ዝውውር መጠየቁን ሲነግራት ደግሞ ሰው እስኪሰማ ተጣልተዋል።

መርማሪ ዩባ በጂፕ ሲደርስ የመንደሩ ሹም ሰኩ በር ላይ ተቀበለው።

«ልጅቷን ዛሬውኑ ይዘሃት ውረድ። ወህኒ ትግባ፤ እኛም እንረፍ» አለ።

«ይደረሳል፣ አጎቴ። ጂፑ የት ይሄዳል?»

ዩባ ራሱ የተራራ ልጅ ነው። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይሉ የለ? ሬሳውን አይቶ ወደ ምድጃው ጎንበስ አለ። ጉማጆቹ ላያቸው ጠቁሮ ውስጣቸው ገና ነጭ ነው። እሳቱ ማገዶ ሳያልቅበት ጠፍቷል ማለት ነው።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣ። የማታው በረዶ ተጠርጎ፣ ሌሊት የጣለው ስስ በረዶ ደግሞ ጠዋት ለማየት በወጣው ሰው እግር ተረግጧል። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ግን በረዶ የሚባል የለም። አጠገቡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወድቋል። ዩባ ገልብጦ አየው፤ ሆዱ ላይ ክብ የጥላሸት ምልክት አለ። ነፋሱ በቧንቧው ውስጥ ሲገባ እንደ ሰው አቃሰተ።

ጀሊላ ሻርፗን ተከናንባ ክፍሏ በር ላይ ቆማለች።

«መርዝ አልሰጠሁትም። ከአንድ ድስት ነው የበላነው» አለችው።

«ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ልሠራ?»

«ሌሊት እሳት ያነድ ነበር?»

«እስኪነጋ ነዋ! ጨለማ ይፈራል። ሌሊት እየተነሳ ማገዶ ሲጨምር በግድግዳው እሰማው ነበር።» እንባዋ መጣ። «ትናንት አልሰማሁም። አኩርፌው ስለነበር አልጠራሁትም።»

ሰኩን ሲጠይቀው መልሱ አጭር ነበር።

«የመምህሩን ጣሪያ ትናንት ማን ጠረገ?»

«ተራው የኢቶ ነበር።»

ኢቶ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ አሮጊት ናት። ዩባ ቤቷ ሲደርስ አንድ የእንጨት አካፋ በሯ ላይ ተደግፎ አየ።

«እማማ ኢቶ፣ ማታ እሳትዎን ምን ያደርጉታል?»

«አመድ አለብሰዋለሁ እንጂ! እሳት አንድዶ የሚተኛ ማን አለ?»

«በረዶ ሲጥልስ?»

«ጣሪያ ተጠርጎ ቀዳዳው በድንጋይ ይከደናል። የተራራ ልጅ አይደለህም እንዴ፣ ምን ነካህ?»

«ይህ አካፋስ?»

«የመምህሮቹ ጣሪያ መጥረጊያ ነው። ተራው የደረሰ ይጠርግና በቀጣዩ ተረኛ በር ላይ ያቆምለታል። ከሰኩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ባሱ። ጠዋት ስነሳ እዚህ አገኘሁት።»

ከሰዓት በኋላ ዩባ ሁሉንም በመማሪያ ክፍሉ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ በልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ ተቀመጡ።

«ጂንም መርዝም የለም» አለ ዩባ። «ጉንጭ የሚያቀላው የታፈነ እሳት ነው። ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ይወስዳል። ጭስ ማውጫው ተከድኖ ነበር። ክፍት ቢሆን ኖሮ እሳቱ ከጠፋ በኋላ የጣለው በረዶ አፉ ላይ ይገኝ ነበር። የከደነው ድንጋይም ጥላሸቱን ይዞ እዚያው አለ።»

«ልጅቷ ናታ!» አለ ባሱ ከኋላ።

«እሷ የባሕር አገር ሰው ናት። በረዶ ሲጥል ቀዳዳ የሚከድነው የእኛ ሰው ነው፤ እሳት ማታ ይጠፋል ብሎ የሚያምነውም የእኛ ሰው ነው። የከደነው ጣሪያውን የጠረገው ነው። ኢቶ ጠርጋ ቢሆን አካፋው አሁን ባሱ በር ላይ በቆመ። የቆመው ግን እሷ በር ላይ ነው። ስለዚህ ማታ የጠረገው ከእሷ በፊት ያለው ቤት ነው። አጎቴ ሰኩ፣ ለምን ዋሹኝ?»

ሰኩ አግዳሚውን ገፍቶ ተነሳ።

«በረዶ እንዳይገባበት ብዬ ነው! በጨለማው ጭስ አላየሁም፤ እሳቱን አጥፍቶ ተኝቷል አልኩ። ለልጄስ ቢሆን ከዚህ ሌላ ምን አደርግ ነበር?»

«አምንዎታለሁ። የማታው ደግነት ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ወጥተው ድንጋዩን ሲያነሱት ግን ገብቶዎታል። ከዚያ ይህችን ልጅ ወህኒ ሊሰዱ ነበር። ለምን እሷን?»

ሰኩ ጀሊላን ሳያይ መለሰ።

«የሩቅ ሰው ናት። ማን ይጠይቅላታል ብዬ ነው።»

አፈርን፤ ከእኛ መካከል ጠዋት እንደ ሰኩ ያላሰበ አልነበረምና።

ሬሳው ከጂፑ ኋላ ተጫነ። ሰኩ ከፊት፣ ከዩባ አጠገብ ተቀመጠ። ጀሊላ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ኋላ ወጥታ ሱፍያን አጠገብ ስትቀመጥ ኢቶ እየሮጠች ደረሰች።

«የት ነው፣ ልጄ? ነፃ ነሽ ተባልሽ እኮ!»

«አስፊ። እናቱ ጋ አደርሰዋለሁ።»

«እንጀራሽስ? ልጆቹስ? አትመለሺም?»

ጀሊላ የሱፍያንን እግር በብርድ ልብሱ ጫፍ ሸፈነች።

«እናቱ ‹እዚያ የሚጠይቀው ሰው ነበረው?› ብትለኝ ምን ልበላት፣ እማማ?»

ጂፑ ቁልቁለቱን ጀመረ።