አሥር እርምጃ

ፍልቅልቋ በግልቢያው ሜዳ መሃል በጀርባዋ ተዘርራ ሰማዩን ታያለች። አሸዋ ከአፏ እየተፋች «አልሞትኩም፣ አታልቅሺ» አለቻት ለጓደኛዋ እየሳቀች። ፍልቅልቋ የተባለችው እንዲህ ወድቃም ስለምትስቅ ነው።

ደመና ግን መሳቅ አልቻለችም። «ደመና» የሚለውን ቅጽል ያወጡላት የፈረስ አሰልጣኛቸው ናቸው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ሐሳቧ ሁልጊዜ ከላይ ከላይ ይንሳፈፋል። ዳማው ፈረስ አጠገቧ ይንቀጠቀጣል፣ ኮርቻው ዞሮ ሆዱ ስር ተንጠልጥሏል። የአሰልጣኙ ኮቴ ከጋጣው በኩል ሲሰማ እጇ ሳታዘው ሄደና ኮርቻውን አቀናው፤ የሆዱንም ቀበቶ ጥርቅም አድርጎ አጠበቀው።

«ምን ሆናችሁ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ዓለም ዞረብኝ፣ ከዚያ አሸዋ» አለች ፍልቅልቋ።

አሰልጣኙ አንገቷንና እጆቿን ቀስ ብለው ዳሰሱ። ሄልሜቷን አውልቀው ሲያገላብጡት ከኋላው ተሰንጥቋል። ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ፈረሱ ሄደው ቀበቶውን በጣታቸው ሞከሩት።

«ይኸው ጥብቅ ነው። ጥፋቱ የሱ ነው ማለት ነው። ባለፈው ወርም አንዱን ልጅ ጥሏል። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጅ አይጋልበውም፤ ለጋሪ ይሂድ።»

ደመና የዳማውን ልጓም ያዘች።

እዚህ ማንም የራሱን ፈረስ አይጭንም፤ አንዱ ለሌላው ይጭናል። ዛሬ ለፍልቅልቋ የጫነችው ደመና ነበረች። ዳማው ደግሞ ተንኮል አያጣም፤ ቀበቶው ሲጠብቅ ሆዱን ይነፋል። ስለዚህ አሥር እርምጃ አራምደው፣ አየሩን ሲያስወጣ፣ እንደገና ያጠብቁለታል። ጠዋት ግን ሜዳው ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ደመና ጉሙን እያየች ቅዳሜን አሰበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጥሩ ወጥተው እስከ ወንዙ የሚጋልቡበትን ቅዳሜ። አንድ፣ ሁለት ብላ ከቆጠረች በኋላ እሷ በሐሳቧ ወንዙን እየተሻገረች ነበር።

ሁለተኛውን ማጥበቅ የረሳ ወር ሙሉ እግሩን እርካብ ላይ አያደርግም። ደንቡ ይኸው ነው።

«አይዞሽ፣ ቅዳሜ ሌላ ፈረስ ይሰጡኛል» አለች ፍልቅልቋ ልብሷን እያራገፈች። «አብረን ነን እኮ!»

አሰልጣኙ ዳማው እንደማይጋለብ በጋጣው በር ላይ ሊጽፉ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው አመሩ። ደመና ፈረሱን ስባ ተከተለቻቸው። ዳማው እንደ ልማዱ አገጩን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ፤ ትንፋሹ ይሞቃል፣ የሣር ሽታ አለው። ጉሙ ገና አልለቀቀም፤ አጥሩ አይታይም፣ ወንዙም ቅርብ ይመስላል። ፈረሱ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቂም አለመያዙ አሳፈራት።

«ጋሼ፣ ሳይጽፉ አንዴ ይዩኝ።»

ቀበቶውን ፈታችና እንደ አዲስ አጠበቀችው። ዳማው ሆዱን ነፋ። ከዚያ አራመደችው፤ ጮክ ብላ እየቆጠረች፣ ዓይኗን ከኮርቻው ሳትነቅል። አሥር ላይ ቆማ እጇን በቀበቶው ስር ሰደደች። እስከ አንጓዋ ገባ።

«ጠዋት ሁለት ላይ ነው መቁጠር የተውኩት» አለች። «ኮርቻው ዞሮ ነው የወደቀችው። ያቀናሁትም እኔ ነኝ።»

አሰልጣኙ ጠመኔውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ቅዳሜ እንግዲህ . . .»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ቀበቶውን ለሁለተኛ ጊዜ አጠበቀች። ዞር ስትል ፍልቅልቋ የተሰነጠቀውን ሄልሜት አቅፋ ከኋላዋ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። አልሳቀችም።

«ነይ» አለቻት ደመና፣ ገለል ብላ ቦታ እየለቀቀችላት። «በእጅሽ እይው።»

ፍልቅልቋ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ቀረበችና ሁለት ጣቷን ከቀበቶው ስር አስገባች፤ ከዚያ በላይ አላስገባትም።