ናስትሮ የተላጠበት መሰኪያ

ሰቬሮ ቹኪሚያ በሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ የከፈተውን ኮምፒውተር እንደ ትራስ ተንተርሶታል። ከጭንቅላቱ ኋላ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። የተመታበት ትርፍ ፓወር ሰፕላይ፣ ያ ጡብ የሚያህል የብረት ሣጥን፣ ጠጉር እንደያዘ እግሩ ሥር ወድቋል።

ሳጅን ነመሲያ ዩህራ ግን ከሁሉ በፊት ያየችው ደሙን ነው። ጥቂት ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል ወለሉን ማጥለቅለቅ ሲገባው ኮሌታው ላይ ረግቶ ቀርቷል። የሟቹን የአንገት ልብስ በጣቷ ጫፍ ገለጥ አደረገች። ጉሮሮውን የዞረ ሰማያዊ ሰንበር አለ፤ ከጆሮው በታች ደግሞ እንደ እባብ ንክሻ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች።

«ቤንዚን!» ይላል ከውጭ ሕዝቡ። «ቤንዚኑ የት ቀረ?»

ከሱቁ በር ፊት፣ ገለባ የታጨቀበት አሻንጉሊት ሰው ከተንጠለጠለበት የመብራት ምሰሶ ሥር፣ ዊልደር ላሩታ የሚባል ተማሪ ታስሯል። አሻንጉሊቱ ደረት ላይ «ሌባ ከነነፍሱ ይቃጠላል» የሚል ካርቶን አለ። በዚህች የተራራ ላይ ከተማ፣ በኤል አልቶ፣ ይህ ካርቶን ለጌጥ አይሰቀልም። የልጁ አንድ ዓይን ተደፍኗል፤ ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ነመሲያ ይዛቸው የመጣቻቸውን ሁለት ፖሊሶች ሕዝቡ ገፍቶ ከግድግዳ ጋር አጣብቋቸዋል።

የነጋዴዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ዶን ኢላሪዮን ካላማኒ ከአፒ ሻጯ አንድ ብርጭቆ ተቀብሎ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ሐምራዊውን የበቆሎ መጠጥ በሱቁ ደፍ ላይ አስቀመጠ።

«ሳጅን፣ እኛም ሕግ እናከብራለን» አለ ሕዝቡ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይህ አፒ እስኪቀዘቅዝ ታግሰንሻል። ከዚያ ልጁ የኛ ነው።»

በዚህ ከፍታ ትኩስ ነገር ፈጥኖ እንደሚበርድ የማያውቅ አልነበረም።

ነመሲያ ወደ ምሰሶው ሄደች። ልጁ ከወዲሁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ልትገድለው ዝተሃል አሉ።»

«ዝቻለሁ፤ አልዋሽም» አለ ዊልደር ደም እየተፋ። «ከቢሮ የተጣለ ርካሽ ኮምፒውተር አለኝ። ለትምህርቴ የሕንፃ ንድፍ የምሠራበት ነው፤ ሲደክመኝ ጌም እጫወትበታለሁ። አቅሜ የቻለውን የግራፊክስ ካርድ፣ የስክሪኑን ሥዕል የሚያጠራውን፣ ከዶን ሰቬሮ ገዛሁ። ቤት ስወስደው ትንሽ ሠርቶ ሲሞቅ ሥዕሉ ኩፍኝ ያወጣል። ዛሬ ኮምፒውተሩን በእናቴ ማዘያ አዝዬ መጣሁና ጮህኩበት።»

«እሱስ?»

«አልተቆጣኝም። እንዲያውም አዘነ። ‹ልጄ፣ ይህ ያንተም የኔም ጥፋት አይደለም፤ ካርዱን ልፈትነው፣ አንተ ሂድና እህል ቅመስ› አለኝ። ሳልቴኛዬን፣ ያን ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ፣ ሳልጨርስ ያዙኝ። ሳጅን፣ እናቴ እንዳትሰማ። እባክሽን።»

ጎረቤት ሱቅ ያለው ቴክኒሽያን፣ ኤፍራይን ፖማ፣ የሰቬሮን በር በሰውነቱ ዘግቶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከሟቹ ጋር ተኳርፋችኋል አሉ» አለችው።

«ከካርኒቫል በዓል ወዲህ ሰላም አንባባልም። ደንበኛዬን ወስዶብኝ ነው። ኩርፊያ ግን ሰው አይገድልም፤ ቢገድልማ ሚስቴ ስንቴ በቀበረችኝ!» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ዶን ኢላሪዮን ሲጮህ ሮጬ መጣሁ። ከዚያ ወዲያ ከአንቺና ከሟቹ ሚስት በቀር ማንንም አላስገባሁም።»

ነመሲያ ተመልሳ ገባችና ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ አለች። ከላይ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የመጣው የስክሪን መሰኪያ አለ፤ ከታች ደግሞ የአዲሱ ካርድ መሰኪያ። የስክሪኑ ገመድ ላይኛው ላይ ተሰክቷል። አጠገቡ ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ በአንድ ጎኑ ተላጦ ተንጠልጥሏል። በገመዱ ጫፍ ግራና ቀኝ ሁለት ማጥበቂያ ብሎኖች ወጣ ወጣ ብለዋል።

«ኤፍራይን፣ ናስትሮ ምን ይሠራላችኋል?» አለች ከውስጥ።

«ካርድ ስንገጥም የድሮውን መሰኪያ እናሽግበታለን። ካርድ ከገባ እነዚህ የቢሮ ማሽኖች የላይኛውን ያሳውሩታል፤ ምንም አይታይበትም። ካላሸግነው ደንበኛው እላይ ይሰካና ‹ካርድህ ሞቷል› እያለ በነጋታው ከነአክስቱ ይመጣብናል። እዚህ ገበያ ውስጥ በእጁ ብሎን የፈታ ሁሉ ያውቀዋል።»

የሟቹ ሚስት ዶኛ ባሲሊያ ሱቁ ጥግ ላይ ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ» አለች ሳትጠየቅ። «‹ዛሬ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ› አለኝ። ‹ምኑን?› ብለው ‹በዓይናቸው አይተው እንዲያምኑ አደርጋለሁ› ብቻ አለ። እኔ ደግሞ ዝም ብትል ይሻልሃል አልኩት።» ባርኔጣውን አጥብቃ ያዘች። «ዝም ብትል አልኩት፣ ሳጅን።»

«ካርዶቹን ከማን ነበር የሚያመጣው?»

«ከማኅበሩ ነዋ። ከኢኪኬ ወደብ በጭነት የሚያስመጣው ዶን ኢላሪዮን አይደል? እሱ ያልሸጠለት ሰው እዚህ ሱቅ የለውም።»

ኢላሪዮን ሲጠራ ቆቡን አውልቆ ገባ። እጆቹ የከባድ መኪና ሹፌር እጆች ነበሩ።

«ሬሳውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ለስብሰባ ልጠራው ብመጣ ተደፍቷል። ከሁሉ የከነከነኝ ስክሪኑ ነው፤ በውስጡ፣ በሩ ላይ ቢጫ ላማ የተሣለበት ቀይ መኪና ይሽከረከራል። ባለቤቱ ሞቶ መኪናው ይጋልባል! አላስቻለኝም፤ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ነቀልኩት።»

«ሌላ የነኩት ነገር አለ?»

«በእናቴ መቃብር፣ ምንም! በሩ ላይ ሆኜ ጮህኩ፣ ኤፍራይን ደረሰ። ይልቅ ፍጠኚ፤ አፒው በርዷል።»

«እንግዲያው ሁላችንም እንውጣ» አለች ነመሲያ።

ሬሳውን ወለሉ ላይ አጋድመው፣ ጠረጴዛውን ከነኮምፒውተሩና ከነስክሪኑ፣ ምንም ሳይነቀል፣ ሕዝቡ የለቀቃቸው ሁለቱ ፖሊሶችና ኤፍራይን ተሸክመው ደፉ ላይ አወጡት። ሕዝቡ ተገፋፍቶ ቀረበ። አንዱ የቤንዚን ጄሪካን ይዟል።

«ቲያትር ልታሳየን ነው እንዴ?» አለ አንድ ጎረምሳ። ጥቂቶች ሳቁ።

«አዎ፣ ቲያትር ነው» አለች። «ሰቬሮን ብረቱ አልገደለውም። የሞተ ሰው ነው የተመታው፤ ለዚህ ነው ደም ያልፈሰሰው። መጀመሪያ ከኋላው በገመድ ታነቀ። የሚፈራው ሰው ቢሆን ጀርባውን አይሰጠውም ነበር። ከዚያ የተናደደ ደንበኛ ሥራ እንዲመስል ጭንቅላቱ ተፈለጠ።»

«ታዲያ ገመዱ የት አለ?» አለ ኢላሪዮን።

«ይኸው። የስክሪኑ ገመድ ነው። ሁለቱ ብሎኖች የሰቬሮን አንገት ነክሰውታል፤ መጥታችሁ አስተያዩ። ገዳዩ ከሁለቱም በኩል ነቀለው፣ አነቀበት፣ ሲጨርስ እንዳይታወቅበት መልሶ ሰካው። መሸሸጊያው ጥሩ ነበር። ኤፍራይን፣ ኤሌክትሪኩን ስጠው።»

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እየጮኸ ተነሣ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ስክሪኑ ግን እንደ ጉድጓድ ውኃ ጥቁር ነበር። ጠበቁ። ጥቁር።

«እላይ ነው'ኮ የተሰካው!» አለ ኤፍራይን ከጀርባው አጎንብሶ። «ናስትሮውን ልጦ እላይ ሰክቶታል!»

«አንተ ብትሆን ታች ትሰካው ነበር። ሰቬሮ ራሱ ናስትሮውን የለጠፈለት ይህ ልጅም እንደዚያው። እዚህ ላይ የሰካው ብሎን ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንደተሰካ ምንም አይታይበትም፤ አያችሁ። ዶን ኢላሪዮን ግን ከሬሳው አጠገብ ቀይ መኪና ሲሽከረከር አይተዋል።»

ሕዝቡ ወደ ኢላሪዮን ዞረ። ከሩቅ የሚኒባስ ረዳት መድረሻውን «ሴሃ! ሴሃ!» እያለ ሲጣራ ይሰማል።

«ሌላ ጊዜ... ሌላ ሱቅ ያየሁት ተደባልቆብኝ ይሆናል» አለ ኢላሪዮን። «መኪና ያለበት ጌም ስንት አለ!»

ነመሲያ ገመዱን ነቅላ ታች ሰካችው። ቀይ መኪና ብቅ አለ። ሲዞር በሩ ላይ ቢጫ ላማ ታየ።

«ላማዋን ማን ሣላት?» አለች ወደ ምሰሶው ዞራ።

«እኔ» አለ ዊልደር። «ከኔ ማሽን ውጭ የትም የለችም፤ ማሽኑ ሲነሣ መኪናው በራሱ እንዲጀምር አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተሩን እንዳመጣሁት ሄጃለሁ።»

«ላማዋን ያየ ሰው ገመዱ ሳይነቀል ነው ያያት። ገመዱ ሳይነቀል ደግሞ ሰቬሮ በሕይወት ነበር። ዶን ኢላሪዮን፣ ሰቬሮ ሊያሳይዎት ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ ያኔ ነው ያዩዋት። ምን ሊያሳይዎት እንደነበር አሁን ሁላችን እናያለን።»

መኪናው ዞረ፣ ዞረ። ማራገቢያው ጩኸቱን ጨመረ። ከዚያ በቀዩ ቀለም ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ፤ ላማዋ ተቆራረጠች፤ ስክሪኑ በሙሉ ኩፍኝ እንደያዘው ሕፃን ተዥጎረጎረ።

«የተቃጠለ ካርድ ነው» አለ ኤፍራይን ቀስ ብሎ። «ዲጂታል ገንዘብ ፈልፋዮች ሌት ተቀን አንድደው የጣሉት። ዶን ኢላሪዮን አጥቦ፣ አሽጎ፣ አዲስ ብሎ ሸጠልን። እኛ ደግሞ ለሰው ልጅ...»

ኢላሪዮን ጠረጴዛውን በርግጫ ገለበጠና ሮጠ። ሩቅ አልሄደም። የመጀመሪያው ቡጢ ጥርሱን አረገፈው፤ ሁለተኛውን ማን እንደሰነዘረ አልታወቀም። በፊት «ታግሰንሻል» ሲል ያጨበጨቡለት እጆች እየጎተቱ ወደ ምሰሶው አመጡት። የዊልደርን ገመድ በቢላ ቆረጡና በዚያው ገመድ እሱን አሰሩት። ቤንዚኑ ተደፋ። ነመሲያ መሐል ገብታ ቆመች፤ የተወረወረ ድንጋይ ቅንድቧን ተረተረው። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እሷን ዞር አድርጉ! ክብሪቱን ለልጁ ስጡት!» አለ ጄሪካን ያዡ። «የተበደለው እሱ ነው። በል ወንድሜ፣ ያንተ ነው፤ አንተ ለኩሰው።»

ዊልደር ክብሪቱን ተቀበለ። ቤንዚኑ ከሸሚዙ ጫፍ ይንጠባጠባል። አሻንጉሊቱን ቀና ብሎ አየው፤ ኢላሪዮንን አየው፤ ከዚያ አሁን «ወንድሜ» ያለውን ሰው ረጅም ጊዜ አየው። ከንፈሩን የሰነጠቀው እሱ ነበር።

እያነከሰ ወደ ሱቁ ደፍ ሄደ። ብርጭቆው እዚያው ነበር፤ ማንም አልነካውም። ክብሪቱን ከነቀፎው ሐምራዊው አፒ ውስጥ አሰጠመና በጣቱ ወደ ታች ደፈቀው።

«በርዷል» አለ።