ያልተሻገረው ነርቭ

ፕሮፌሰሯ የሞቱት ዓሦቻቸው ፊት ነው። ወንበራቸው ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብለው፣ ግማሽ የተጠጣ ሻይ ከአጠገባቸው ነበር። ሐኪሙ ሻዩ ውስጥ ዓሦቹ የሚደነዝዙበት መድኃኒት ሰው በሚገድል መጠን ተገኝቷል አለ። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው በላቦራቶሪው ቴክኒሻንና በሟች ታናሽ እህት እጅ ብቻ ነው። እህትየው ያን ጠዋት ሥራ ስላልገባች ፖሊሶቹ ቴክኒሻኗን በካቴና አሰሯት። የምታጠባው ልጅ አላት፤ ጎረቤት ትታው ነው የመጣችው።

ጉዳዩን የያዙት መርማሪ፣ ባልደረቦቻቸው «እሜቴ ለምን» የሚሏቸው ሴት ናቸው። ጥያቄያቸው ሰው ያሰለቻል፤ እሳቸው ግን አይሰለቻቸውም። መጀመሪያ የሟችን ባል ጠየቁ።

«ጠዋት መጥቼ ሻይ አብረን ጠጣን» አለ ዓይኑን እያበሰ። «ደህና ነበረች። እንዲያውም የዓሦቹን ዓይን የምትፈትንበትን ባለ መስመር ሲሊንደር በገንዳው ዙሪያ አሽከርክራ ዓሦቹን አሳየችኝ። መስመሩ ወደዞረበት ዓይናቸው አብሮ ሲዞር አይተን፣ ተሳስቀን ተለያየን። ከኔ በኋላ የገባችው ቴክኒሻኗ ናት።»

እሜቴ ለምን ገንዳው ጋ ሄደው ሲሊንደሩን አሽከረከሩት። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ የዓሦቹ ዓይን ወደ ግራ ሮጠ። ወደ ግራ ሲያዞሩት ወደ ቀኝ። ታናሽ እህትየውን አስጠሩ፤ እሷም እዚያው ተመራማሪ ናት።

«ለምን...» ብለው ሳይጨርሱ መልሱን አቀበለቻቸው።

«ጂናቸው ተበላሽቶ ነው። ዓሣው ገና ሲፈጠር ለዓይን ነርቭ መንገዱን የሚመሩት ጂኖች ናቸው፤ የቀኙን ዓይን ወደ ግራ አንጎል፣ የግራውን ወደ ቀኝ ያሻግሩታል። እነዚህ ላይ ነርቩ ሳይሻገር ቀረ፤ እንቅስቃሴን ገልብጠው ያያሉ። ገንዳው ውስጥ ያሉት ሁሉም እንደዚያ ናቸው። እትዬ ዕድሜዋን የፈጀችው በነሱ ነው።»

«ባሏ ይህን ያውቃል?»

«እሱ? ስለ ዓሣ የሚያውቀው ተጠብሶ ሲቀርብ ነው።»

ከሰዓት እሜቴ ለምን ሦስቱንም ገንዳው ዙሪያ ሰብስበው ሲሊንደሩን እንደገና አሽከረከሩት። ባልየው የዓሦቹ ዓይን በተቃራኒው ሲሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

«አየሁ አሉኝ፣ አላዩም» አሉት። «ሚስትዎ ምንም አላሳዩዎትም። መድኃኒት የጨመሩበትን ሻይ ሲጠጡ እርስዎ ቁጭ ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያ ‹በሕይወት እያለች ተለየኋት› ብለው ጥፋቱን በዚች ምስኪን ላይ ጣሉት።» ካቴናውን ከቴክኒሻኗ እጅ አስፈቱ። «ሂጂ ልጄ፣ ልጅሽን አጥቢ።»

ከዚያ ወደ ባልየው ተመለሱ። «ግን ቁልፍ የለዎትም። የዓሦቹንም ወሬ ከራስዎ አላመጡትም። ማን አስጠናዎት?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ ወደ ታናሽ እህትየው ዞረ።

«ዓይናቸው መስመሩን ይከተላል በል አላልሽኝም? እህቴ መዋደዳችንን ደረሰችበት፣ ከላቦራቶሪው ልታባርረኝ ነው ብለሽ እያለቀስሽ... መድኃኒቱን እጄ ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ አይደለሽም? እያወቅሽ ነው እንድያዝ ያደረግሽኝ?»

«እኔንም ‹ለምን› ብዬ ሳልጨርስ መልሱን አዘጋጅታ ጠብቃኛለች» አሉ እሜቴ ለምን።

እህትየው አላለቀሰችም። አየችው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ባሏ ስትባል፣ አንድ ቀን እዚህ መጥተህ የምትሠራውን ብታይላት ኖሮ እኔ ላታልልህ አልችልም ነበር።»