ሰባት ሳንቲሜትር

ቅናት የፍቅር ቅመም ነው እያሉ የሚያሽሞነሙኑት ሰዎች ይዋሻሉ። ቅመም ያጣፍጣል እንጂ ድስቱን አይሰብርም። ልብስ ሰፊውም ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ መቀሱ ነው።

ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነበር፤ ባለ አንድ በር፣ ጠባብ ክፍል። እሱ በስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ይውላል፤ ታላቅ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትቀመቅማለች፣ ከሁለቱም አብልጣ ደግሞ ትናገራለች። ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያው ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው የድምፅ ማጉያ የአንዲት ልጅ ድምፅ ይፈስሳል።

«የሰሜን ተጓዦች! ሦስተኛው ተራ! ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል፤ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱ!»

ማስታወቂያ ነበር፤ ግን ዜማ ነበረው። ድምፅዋን ሲሰሙ ቆመው መኪና ያመለጣቸው ሰዎች አሉ ይባላል። የመናኸሪያው ሰው ሁሉ «ማይኳ» ይላታል። ልብስ ሰፊው ደግሞ መልኳን ሳያይ ድምፅዋን ወዶ ነበር። ታማ የቀረች ዕለት የሰው ኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፍቷል።

አንድ ቀን አንዲት ቀጭን ልጅ የደንብ ልብስ ኮት በክንዷ ላይ አንጠልጥላ ገባች።

«ወንድም፣ ይሄን ኮት የሰፋው ሰው ጠላቴ ነው።»

ድምፁን አወቀው። መርፌው ጣቱን ወጋው።

«ምን አደረገሽ?»

«አፈነኝ እንጂ! ‹የሰሜን› ብዬ ‹ተጓዦች› ላይ ስደርስ ቁልፉ ይፈናጠራል። ትናንት ተራ አስከባሪውን ግንባሩን መታሁት።»

እህቱ ክሩ እስኪበጠስባት ሳቀች። እሱ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የልጅቷን ጎን ለካ። ሰባ ስድስት።

«እንደሱ አይደለም» አለችው። «ዘፋኝ የሚለካው አየር ስቦ ነው።»

«ዘፋኝ ነሽ?»

«ገና ነኝ። ጎኔ ነው የቀደመኝ።»

አባቷ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። እናቷ ስለሌለች ይዟት ይዞር ነበርና፣ በልጅነቷ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ለመሰማት የመውረጃውን ስም እየዘፈነች ነው ያደገችው። አየር ሳበች፤ ያዘችው። ሜትሩ በጣቶቹ መሀል እየተንሸራተተ ሄደ። ሰማንያ ሦስት። በዕድሜው የስንት ታጋይና የስንት ወታደር ደረት ለክቷል፤ ከአራት ሳንቲሜትር በላይ የጨመረ ግን አላየም።

«ሰባት!» አለ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰባቷን እንዳትነካብኝ» አለች።

በልክ ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሰባት» የሁለቱ ቃል ሆነ። «እንዴት አደርሽ?» ሲላት «ሰባት» ትለዋለች፤ ደህና ነኝ ለማለት። ኮቱ ካለቀ በኋላም እሁድ እሁድ ያለ ምንም ጉዳይ ትመጣለች። እሱ ይሰፋል፤ እሷ ታዜማለች። የስፌት መኪናው ፔዳል ከዜማዋ ጋር ሲገጥም ሁለቱም ቀና ይሉና ይተያያሉ። ከዚያ ዝም ይባባላሉ። እህቱ ያን ዝምታ አይታ ውሃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች፤ ውሃው ግን በቤቱ ሞልቷል።

አንድ የባንድ መሪ መኪና ሲጠብቅ ድምፅዋን ሰማ። መኪናው ሄደ፤ እሱ ቀረ። ከዚያ የማስታወቂያ ክፍሏን መስኮት አንኳኳ።

«መኪናዬን ያስመለጥሽኝ አንቺ ነሽ?»

«ሁለት ጊዜ ተጣርቻለሁ ጋሼ። ጥፋቱ የጆሮዎ ነው።»

በሳምንቱ ልምምድ ጀመረች። በዓመቱ «ሦስተኛው ተራ» የተባለው ዘፈኗ ከፀጉር ቤት እስከ ታክሲ ያልገባበት አልነበረም። የምትለብሰውን ሁሉ የሚሰፋላት እሱ ነው፤ ሁልጊዜም በሰማንያ ሦስት ልክ። በመጀመሪያ ኮራ። ከዚያ ትልቁ ፖስተር መጣ።

ፖስተሩን የለጠፉት ከየትም አጥተው መናኸሪያው አጥር ላይ፣ ከሱቁ ትይዩ ነው። እሷ መሀል ላይ ትስቃለች። ከጎኗ «ሎጋው» የሚሉት ኪቦርድ ተጫዋች እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። ልብስ ሰፊው ቀና ባለ ቁጥር ያቺን እጅ ያያል። በሦስተኛው ቀን የስፌት መኪናውን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ።

«ምነው?» አለች እህቱ።

«ለብርሃን ይሻላል።»

«ብርሃን ከግድግዳ መውጣት ጀመረ?»

ማይኳ ማክሰኞ ዕለት እየሮጠች መጣች። «እሁድ ከሰዓት በትልቁ አዳራሽ ነው! ሦስት ሺህ ሰው! ቀይ ልብስ ነው የምፈልገው።»

«ሎጋውም አለ?»

«ሎጋው ከሌለ ኪቦርዱን ማን ሊጫወት ነው፣ እህትህ?»

አልሳቀም።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

ይሄ «ምንም» የሚሉት ቃል ስንት ቤት አፍርሷል! አፍ አውጥቶ «ቀናሁ» ማለት ያቃተው ወንድ ሁሉ ከዚህ ቃል ጀርባ ይደበቅና ከዚያ ሆኖ ድንጋይ ይወረውራል።

ረቡዕ ጠዋት ቀዩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሬዲዮ ከፍቷል። እንግዶቹ እሷና ሎጋው ነበሩ። ጠያቂው የድምፅዋን ምስጢር ጠየቀ። ሎጋው ቀደመ።

«ምስጢሩ ጎኗ ነው። አየር ስትስብ በስንት እንደምትጨምር ታውቃለህ? በሰባት ሳንቲሜትር!»

ልብስ ሰፊው ሬዲዮውን ጠረቀመው።

ሰባት። ከእሱ፣ ከእሷና ከደብተሩ በቀር ማንም የማያውቀው ቁጥር። ሎጋው በምን ለካው? በሜትር? በእጁ? ቅናት ጥያቄ ይጠይቃል እንጂ መልስ አይጠብቅም፤ ራሱ ይመልሳል፤ የሚመልሰውም የከፋውን ነው።

«ለምን ዘጋኸው? እየሰማሁ እኮ ነው!» አለች እህቱ።

«ባትሪ እንዳይጨርስ።»

«አንተ ልጅ፣ ከግድግዳው ጋር እኮ ነው የተሰካው!»

ደብተሩ ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ፊቱ ተዘርግቷል። መቀሱን አነሳና በሰባ ስድስት ቆረጠ። ልብስ ሰፊ ሁሉ ኋላ ቢጠብ ለማስፋት ብሎ በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። እሱ ትርፉንም ላጨው፤ ማንም እንዳያሰፋው። እጁ ሳተ እንዳትሉኝ። እጁስ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ከራሷ አሳጠረች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጀግና ነው።

ሐሙስም ዓርብም በመናኸሪያው ሲያልፍ ሰዎች እያዩት ፈገግ ይላሉ፤ አንዷ ትኬት ቆራጭ ጠቀሰችው። ሲስቁብኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ቅዳሜ ማይኳ ልብሱን ልትወስድ መጣች። ታክሲ ውጭ ቆሟል።

«ሞክሪው እንጂ» አለች እህቱ።

«የሱን ልክ? ሞክሬ ልስደበው እንዴ!» ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ሳቀች። «ትመጣለህ አይደል?»

ቆይ ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ነበረች። የታክሲውን በር ከፈተላት።

እሁድ ቀትር ላይ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሱሪውን ሊወስድ ገባ። ከመንገድ መመለሱ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ሙሽራው!»

«የምን ሙሽራ?»

«ረቡዕ መኪና ውስጥ ሆኜ ሰማኋታ! ሎጋው ‹ሰባት› ሲል ማይኩን ነጠቀችው። ‹ይሄን እኔ ነኝ የነገርኩህ፣ እኔ የሰማሁት ደግሞ ከልብስ ሰፊዬ ነው፤ እሱ እስኪለካኝ ድረስ ዘፋኝ መሆኔን አላመንኩም ነበር፤ ከጠየቀኝ የማገባውም እሱን ነው› አለች። ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ። አልሰማህም እንዴ?»

እህቱ መርፌዋን አስቀምጣ ወንድሟን አየችው።

«ባትሪው አልቆ ነው» አለች።

ትንሿን መቀስ ኪሱ ከትቶ ሮጠ። ሱቁ እንደተከፈተ ቀረ፤ የሾፌሩ ሱሪም ሳይታጠፍ።

አዳራሹ ሲደርስ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነበረች። ድምፅዋ ገና ከበሩ ተሰማው፤ አጭር ነው። ከፍ ሊል ይነሣና መሀል ላይ ይበጠሳል።

«ደክሟታል» አለ አጠገቡ የቆመ ሰው።

«የሬዲዮ ናት እንጂ የመድረክ አይደለችም» አለች ሌላዋ።

ሴትዮዋን ሊጣላት አሰበ። ግን ከሦስት ሺህ ሰው መሀል ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

በጓሮ በኩል ከመጋረጃው ኋላ ሲገባ ከበሮ መቺው ብቻውን እየመታ ጊዜ ይገዛል። ሎጋው አየውና ክንዱን ያዘው።

«ልብስ ሰፊው ነህ? ተመስገን! ልናሰፋው ብንል ውስጡ ትርፍ የለውም። ሌላ ልበሺ ብንላት ‹የሰፋው ራሱ ይምጣ› ብላ እምቢ አለች።»

ማይኳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ በአጭር በአጭሩ ትተነፍሳለች። ቀና ብላ አላየችውም። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

«ፍታው።»

ትንሿን መቀስ ከኪሱ አወጣ። መቀሱ ገላዋን እንዳይነካ ሎጋው ጨርቁን ሳብ አድርጎ ያዘለት፤ ዓይኑን ግን ጣሪያው ላይ ሰቅሏል። ያን ሁሉ ሌሊት የጠላው እጅ ያ ነው። ልብስ ሰፊው ስፌቱን ከብብቷ እስከ ወገቧ ፈታው፤ ግራውንም ቀኙንም። በቀዩ ልብስ ጎን ነጭ ካናቴራ ብቅ አለ።

አየር ሳበች። ሰባቱም ሳንቲሜትር ዓይኑ እያየ ተከፈተ። ከዚያ ወደ መድረኩ ወጣች።

«ሦስተኛው ተራ»ን ስትዘፍን አዳራሹ ተነሣ። የመጨረሻዋን ድምፅ ያዘቻት፣ ያዘቻት፣ አልለቀቀቻትም። እሱ ከመጋረጃው ኋላ እንባው እየወረደ ነበር፤ ከደስታውና ከሐፍረቱ የትኛው እንዳስለቀሰው ቢጠይቁት አያውቀውም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ልጃገረዶች ሱቁ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። «ጎኑ የተፈታ፣ እንደ እሷ!» ብለው አዘዙት።

«አልሠራም» አለ።

ማክሰኞ እሷ መጣች። ልብሱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በዚህ ጊዜ እህቱ ውሃ ልትቀዳ አልወጣችም።

«መቼ አወቅሽ?» አላት።

«ስለብሰው። አንተ ልክ አትስትም። ተሳስቶ ነው ብዬ ራሴን ልሸነግል ስፌቱን ገለጥኩት፤ ትርፉን ላጭተኸዋል።»

«ታዲያ ለምን ለበስሽው?»

«ሌላ ብለብስ ምን እንዳደረግክ አታይም ነበር። እንድታይ ፈለግሁ።»

ስለ ሬዲዮው ነገራት፤ ምንም ሳያስቀር።

«አንተ ስትዘጋው እኔ ገና አፌን መክፈቴ ነበር» አለች። «ደግሞ ሎጋው ባይኖር ከበሮ መቺውን ታመጣ ነበር። በሦስት ሺህ ሰው ልትቀና ነው?»

«አዎ። በማይኩም ቀንቼ አውቃለሁ።»

ሳቋ መጣና ዋጠችው። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳበች።

«እጅህን አንሣ።»

የእሱን ደረት ለካች። «አየር ሳብ!» ሳበ። ቁጥሩን አየች፤ አንገቷን ነቀነቀች።

«ሁለት። ቦታውን ማን ያዘብህ?»

«አንቺ።»

«እኔ አይደለሁም። እኔ ብሆን ይሰፋ ነበር።»

ደብተሩን ከፍታ ከራሷ ቁጥር ሥር ጻፈችው። ለኮንሰርት ወደ ሰሜን ነገ እንደምትሄድ፣ አራት ወር እንደምትቆይ ነገረችው።

«ትተሽኝ ነው?»

«አልተውኩህም። አላገባሁህምም። ስመለስ እለካሃለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ይሰፋል። ድንገት የድምፅ ማጉያው ኮሽኮሽ አለ። አዲሷ ማስታወቂያ ነጋሪ አይደለችም።

«የሰሜን ተጓዦች! ሦስተኛው ተራ! ... ማዶ ያለኸው ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ መኪናህን ከግድግዳው መልስ!»

መናኸሪያው በሳቅ ተናወጠ። እሱ ተነሣና የስፌት መኪናውን ወደ በሩ አዞረ፤ ወደ ፖስተሩ፣ ወደ ሎጋው እጅም። ቀና ባለ ቁጥር ያመዋል። ቀና ይላል።

በአራት ወሯ ተመልሳ ለካችው፤ ሦስት። ሁለተኛ ሄዳ መጣች፤ አራት ከሩብ። በዓመት ከመንፈቋ ሎጋው ራሱ የሠርግ ኮቱን ሊያሰፋ መጣ፤ ሙሽራዋ ትኬት ቆራጯ ናት። ልብስ ሰፊው ትርፍ ጨርቅ አስተርፎ ሰፋለት። የዚያን ሳምንት ማይኳ ሜትሩን ዘርግታ አንዴ ለካችው፣ ደገመችው።

«አምስት ተኩል። አታጭበርብር!»

«ሦስተኛ ለኪ።»

«ኧረ አግቢው!» ብላ ጮኸች እህቱ። «ሰባት እስኪሞላ እኔ በሕይወት አልቆይልሽም!»

የሠርጓን ነጭ ልብስ በሰማንያ ሦስት ቆረጠው፤ በስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ተወ። ሲያልቅ አጣጥፎ ሰጣት። ማይኳ ልብሱን አየችው፤ እሱንም አየችው።

«ልሞክረው» አለች።

ቃሏ ትንሽ ወጋችው። የቀዩ ልብስ ዋጋ መሆኑንም አወቀ። መጋረጃውን ሳበላት፤ ወጥታ መስታወቱ ፊት ስትቆም መርፌዎቹን በከንፈሩ ይዞ ከኋላዋ ጠበቀ።

አየር ሳበች። እሱም አብሯት ሳበ።