የዘጠኝ ሰዓት ጥላ

ሠዓሊው ሙሴ በአሸዋ ክምር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ረቡዕ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ያገኘው ከቤቱ ጀርባ ተጀምሮ የቆመውን ሕንፃ ማታ ማታ የሚጠብቀው ዘበኛ ነበር። ኢንስፔክተር አለምነሽ ስትደርስ ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ከሀዋሳ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል፣ ጭቃው ጫማ ይዞ አልለቅም ይላል። ሟቹ የወደቀው ከገዛ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው። ግንባሩን የብሎኬት ጠርዝ አግኝቶታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ጠሀ። «በዘጠኝ ሰዓት ለሚስቱ በቴሌግራም ‹ደክሞኛል፤ ይቅር በሉኝ› ብሎ ልኳል። ስልኩም ጣሪያው ላይ ባለው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። ራሱን ነው የጣለው።»

«አንተ ደግሞ ሬሳ ሳይነሣ መዝገብ ትዘጋለህ» አለችው።

ጎንበስ ብላ በልቧ አጭር ጸሎት አደረሰች። ይህን ሳታደርግ የሞተ ሰው ነክታ አታውቅም። ከዚያ እጇን ከደረቱ ሥር ሰደደች። የሸሚዙ ጀርባ ቢጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ግን ደረቅ ነበር፤ በጣቶቿ መሐል ሾልኮ ወረደ።

ጣሪያው ላይ ወዳለው ክፍል ወጥታ አየች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

በማግሥቱ ጠዋት የሟቹ እናት እማማ ገበያነሽ ከቡሹሎ መጥተው የልጃቸው ቤት በር ላይ ጠበቋት። ክንዳቸውን ደግፎ የያዛቸው ማርቆስ ነበር፤ ከሞተች እኅታቸው የተወለደ፣ ከሙሴ እኩል አዝለው ያሳደጉት። «እማዬ፣ ትንሽ ውኃ ቅመሺ» እያለ ይለምናቸዋል። እሳቸው አይሰሙትም።

«ልጄ» አሏት ለአለምነሽ፣ «ገዳይ ፈልጊልኝ አልልሽም። ነገ በስምንት ሰዓት እንቀብረዋለን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ሰዓቱን ነገሩኝ፤ ግን ዓይኔን አያዩኝም። ሰባኪው ምን ብሎ እንደሚጸልይለት አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ራሱን ካጠፋ የት አገኘዋለሁ ብዬ ነው ቀሪ ዕድሜዬን የምኖረው? ይህን ብቻ ንገሪኝ። በራሱ እግር ነው የሄደው?»

አለምነሽ ቃል መግባት የማትወድ ሴት ናት። የእማማ ጣቶች ግን ክንዷ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል።

«እስከ ቀብሩ ድረስ ይታገሡኝ፣ እማማ» አለች።

የጣሪያው ክፍል በሦስት ጎኑ መስኮት ነው። በአራተኛው በኩል ያለው በር ወደ ጣሪያው ጠርዝ ያወጣል፤ ጠርዙ መከለያ አልተሠራለትም። ግድግዳው ላይ ሙሴ ለውጭ አገር መጻሕፍት የሠራቸው የሽፋን ሥዕሎች ተደርድረዋል፦ በከዋክብት መሐል የሚቀዝፉ መርከቦች፣ ሦስት ጨረቃ ያላቸው ከተሞች፣ ካባ የለበሱ የሌላ ዓለም ካህናት። የካህናቱ አንገት መላጣና ቀይ ነው። ሐይቅ ዳር የዓሣ አንጀት የሚሻሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን፣ ያየ የሀዋሳ ሰው ከየት እንደመጡ ለመናገር ሁለት ጊዜ አያይም። ሙሴ በወጣትነቱ የፀጉር ቤት ታፔላ የሚጽፍ፣ የባጃጅ ኋላ ላይ አንበሳ የሚሥል ልጅ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ሃያ ዓመት ሙሉ አይቷቸው ለማያውቃቸው አንባቢዎች ዓለም ሲፈጥር ኖረ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን ሥዕልን ማሽን ስለሚሠራው የሚያዘው ሰው እየጠፋ ሄደ።

ጠረጴዛው መሐል ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። አለምነሽ ጨርቁን ረቡዕ ማታውኑ ገልጣ አይታለች፤ አሁን የሙሴን ተማሪ ሮሆቦትን አጠገቧ አቁማ እንደገና ገለጠችው። ከሸክላ ጭቃ የተሠራ ክንፋም አውሬ ነበር። ከሥሩ በተዘረጋው ነጭ ወረቀት ላይ ጥላው በእርሳስ ተከቧል፤ ከየመስመሩ ጎን ሰዓት ተጽፏል። ሁለት። ሦስት። አራት። ከዚያ ብቻውን፣ በሌላኛው ጎን፣ ዘጠኝ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የጋሽ ሙሴ አሠራር ነው» አለች ሮሆቦት፣ ዓይኗ አብጦ። «አውሬውን በጭቃ ይሠራና መስኮቱ መሐል ያስቀምጠዋል። በየሰዓቱ ጥላውን ያሰምራል። ‹አውሬውን ከራሴ አመጣዋለሁ፤ ጥላውን ግን ከፀሐይ ነው የምወስደው› ይላል። እኔማ ‹ጋሼ፣ በሌለ ዓለም ማን ጥላ ይቆጥራል?› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

«ሰዓት ይዘላል?»

«ደመና ከሆነ ይዘላል። ያላየውን ጥላ አያሰምርም፤ ቢገድሉት…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ረቡዕ መጥተሽ ነበር?»

«ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ ስሥል ዝናቡ ያዘኝ። በስብሼ በአሥር ሰዓት እዚህ መጣሁ። ክፍሉ ክፍት ነው፣ እሱ የለም። ጨርቁን ሳየው ሥራ አቁሞ ወጥቷል ብዬ ሄድኩ። ጭቃው እንዳይደርቅ ሁልጊዜ ይሸፍነዋል፤ እኛ አንነካውም።»

ከመሄዷ በፊት ከመደርደሪያው አንድ አዲስ መጽሐፍ መዝዛ ሰጠቻት። ሽፋኑ ላይ የሙሴ ፊርማ አለ፤ ሥዕሉ ላይ ግን አንድ ሰው በቀይ እርሳስ ብዙ ቦታ ክብ አድርጓል። የፈረሰኛው ጥላ ወደ ግራ፣ የፈረሱ ወደ ቀኝ ወድቋል።

«ባለፈው ወር በፖስታ ሲደርሰው እንደዚህ ከበበው። ‹ይህን እኔ አልሠራሁትም› አለኝ፤ ሌላ ነገር አልነገረኝም። አንባቢዎቹ አጭበርባሪ ብለው በኢንተርኔት ሲሰድቡት ነበር።»

ሚስቱ ሀሴት ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ሥራ ስትሄድ ሙሴ ቁርሱን እየበላ ነበር።

«በሥራ ሰዓት ስልኬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር» አለች፣ አንድ ነጥብ ላይ እንዳፈጠጠች። «ዝናቡ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሕመምተኛው የሚለኝ እንኳ አይሰማኝም ነበር። መልእክቱን ያየሁት በአሥር ሰዓት ነው። ባጃጅ ይዤ በረርኩ፤ ወደ ጣሪያው ወጣሁ፣ ስሙን ጠራሁ… ጠርዙ ጋ ሄጄ ማየት ፈራሁ። ፈራሁ እኮ! አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ።»

«ብትደርሺም የምታተርፊው አልነበረም፣ ሀሴትዬ» አለቻት አለምነሽ በለሆሳስ። «ስልኩን ሌላ የሚከፍተው ሰው አለ?»

«ማርቆስ። ሙሴ እንግሊዝኛ መጻፍ አይወድም፤ ከአሳታሚዎቹ ጋር የሚጻጻፍለት እሱ ነው።»

ማርቆስ ሳይጠሩት መጣ። ጨዋ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፁ ለስላሳ።

«እርስዎን ማስቸገር አልፈልግም፣ ኢንስፔክተር። ግን እማዬ በዚህ ጥያቄ እየሞተች ነው። ቶሎ ቢያልቅላት…»

«ያልቅላታል። ረቡዕ የት ዋልክ?»

«ጠዋት ቤቴ ነበርኩ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ለዘመዳችን ሠርግ ድንኳን ስንተክል። ሃያ ሰው ይመሰክራል። ፀሐዩ አናታችንን ሲበሳን ነው የዋለው፤ አንገቴን አያዩም? ተልጧል።»

«አያለሁ። የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

«ሥራው ሞቶበት ነበር።» ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «ግራ የሚገባኝ ይህ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጦ ጥላ ሲያሰምር የዋለ ሰው፣ እንዴት በዚያው ቅጽበት እንዲህ ያስባል?»

«እኔንም ግራ ገብቶኛል» አለች አለምነሽ፣ እያየችው።

ዓርብ በአምስት ሰዓት ሁሉንም ጣሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ታች ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ መዝሙሩ በመስኮት ይሰማል። እማማ ገበያነሽ ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማርቆስ ከኋላቸው ቆሞ ትከሻቸውን ያዘ። ሀሴትና ሮሆቦት ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጠሀ በሩ ላይ ነው።

«እማማ» አለች አለምነሽ፣ «ለጥያቄዎ መልስ አለኝ። ግን በዝግታ ነው የምሄደው፤ በኋላ እንዳይጠራጠሩት።

«ሙሴ የወደቀበት አሸዋ ከሥሩ ደረቅ ነበር። ዙሪያው ሁሉ ጭቃ ነው። ዝናቡ ሐይቁን ዳር ዳር ይዞ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል ጥሏል። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር ሙሴ እዚያ ወድቆ ነበር።»

«መልእክቱ ግን የዘጠኝ ሰዓት ነው!» አለች ሀሴት።

«የተላከው በዘጠኝ ነው። የተጻፈው መቼ እንደሆነ ሰዓቱ አይነግረንም። የመዘምራን መሪያችን የእሑዱን ማስታወሻ ዓርብ ይጽፈዋል፤ ቴሌግራሙ ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚያደርሰን። አስቀድሞ ጽፎ ሰዓት መሙላት ይቻላል። የሙሴን ስልክ የሚከፍት ማንም ሰው ያን ማድረግ ይችላል።»

ወረቀቱን ከጭቃው አውሬ ሥር አውጥታ ከፍ አደረገችው።

«ሙሴ በሁለት፣ በሦስትና በአራት ሰዓት ጥላውን አሰምሯል። አምስትና ስድስት ላይ ፀሐይ ነበረች፤ መስመር ግን የለም። ያኔ የሚያሰምር እጅ አልነበረም። ቀጥሎ የዘጠኝ ሰዓት ጥላ አለ። በዘጠኝ ሰዓት እዚህ ሰማዩ ጠቁሮ በዝናብ ላይ ነበር። የሌለ ጥላ ማን አሰመረ? እስከ ዘጠኝ በሕይወት ነበር እንድንል የፈለገ ሰው ነው። የሦስት ሰዓቱን ጥላ ወደ ሌላኛው ጎን ገልብጦ ጠዋት አሰመረው፤ ፀሐይዋ ከሰዓትም ትወጣለች ብሎ አመናት።»

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለ ማርቆስ።

«አይችልም። ሮሆቦት በስብሳ በአሥር ሰዓት እዚህ ገብታለች። ሀሴትም ከእሷ በኋላ ገብታለች። ሁለቱም ዝናቡን አይተዋል፤ ያሰመሩት እነሱ ቢሆኑ መስመሩን ለመፋቅ በቂ ጊዜ ነበራቸው። ያልፋቀው ዝናቡን ያላየ ሰው ነው። እሱ ምሥራቅ ነበር። እዚያ ጠብታ አልወረደም፤ አንገቱ እስኪላጥ ፀሐይ ነበር።»

የማርቆስ እጅ ከእማማ ትከሻ ላይ ወረደ።

«ፀሐይ የሞቀው ሁሉ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። ትናንት ግን ‹እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ሲያሰምር የዋለ› አልከኝ። ወረቀቱ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው ያገኘሁት፤ ሮሆቦትም ሀሴትም ረቡዕ አልገለጡትም፤ ሮሆቦት ትናንት ያሳየኋትንም ለማንም አልነገረችም። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። ማን ነገረህ፣ ማርቆስ?»

ከታች መዝሙሩ አልቆ ሌላ ተጀመረ።

«ሥራው ሞቶ ነበር!» አለ ማርቆስ ድንገት፤ ያ ለስላሳ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ማሽኑ በደቂቃ የሚያወጣውን እሱ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ማን ይጠብቀዋል? ሥዕሎቹን ሁሉ ለማሽኑ አስተማርኩት፤ እሱ የሠራው አስመስዬ ላክሁ። ስሙ እንዳይረሳ ብዬ ነው! ሰዎቹ ነቁ፣ ስድቡ በእሱ ላይ ወረደ። ረቡዕ ጠዋት ስመጣ ‹እውነቱን እጽፋለሁ› አለኝ። አብረን ታፔላ የጻፍን፣ አንድ አልጋ ላይ ያደግን ነን፤ ለመንኩት። ጥሎኝ ወደ ውጪ ወጣ። ተከተልኩት። አንዴ ነው የገፋሁት… አንዴ።»

ሀሴት ወደ እሱ ስትወረወር ሮሆቦት ወገቧን አቅፋ ያዘቻት። ጠሀ ካቴናውን አውጥቶ ቀረበ።

እማማ ገበያነሽ ከወንበሩ ተነሥተው ወደ ማርቆስ ዞሩ። አልጮኹም።

«ስትገፋው ምን አደረገ?»

«እማዬ፣ ተይኝ።»

«ምን አደረገ?»

«እጄን ያዘ» አለ ማርቆስ። «አጥብቆ ያዘኝ። አልለቅም አለ። እኔ ነኝ ያላቀቅሁት።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አለምነሽ የሰማችው «ሊኖር ፈልጎ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው።

«የትኛውን እጅህን?» አሉት።

ማርቆስ ቀኝ እጁን እንደ ሕፃን ዘረጋ። እማማ በሁለት እጃቸው ተቀብለው መዳፉን ገለጡት፤ ከአውራ ጣቱ ሥር የጥፍር ጭረት ነበር፣ ገና ያልሻረ። በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን አሳረፉበት። ጠሀ ካቴናውን ከፍቶ እንደያዘ ወደ ኢንስፔክተሯ አየ። አለምነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቆይ አለችው።