የጓሮው በርሜል

ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ ይዟል። እንደ ሌላው ታካሚ እጁ ላይ ትንሽ ጠርሙስ አለች። የሰው ሽንት አገላብጦ የሚያይ የለም።

«ወንፊት» የሚለውን የምስጢር ስሙን በዚህች ከተማ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም «አክስት» ትባላለች፤ አለቃው ነው ያገናኛቸው። አጠገቡ ተቀምጣ ጠርሙሱን ተቀበለችው።

ውስጡ ያለው የቀለም ፋብሪካው መርዝ ነው። ፋብሪካው በስውር ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ይለቀዋል፣ ማጣሪያ ጣቢያው ይበላሻል፣ ወንዙ ይመረዛል። የስውር መርማሪው ወንፊት በጣቢያው የጉልበት ሠራተኛ መስሎ የገባው ይህን በማስረጃ ለመያዝ ነበር።

«ነገ ሰውየው ይያዛል» አለች።

«የፋብሪካው ባለቤት?»

«የጣቢያው ኃላፊ። መርዝ በጓሮው ያስቀምጣል ያልከኝ አንተ ነህ።»

ተነስታ ጠርሙሱን የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

ለፋብሪካው ተሸጣለች።

ኃላፊው ጋሼ አረፋ ናቸው። የገንዳውን አረፋ አይተው የውሃውን ጤና ስለሚናገሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ምሳቸውን ያካፍሉታል፤ ልጄ ይሉታል። ቆሻሻውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው፤ መርዝ ሲመጣ ያልቃሉ። ስለዚህ ጋሼ ከደህናው ገንዳ ዝቃጭ ቀድተው የተመረዘው ገንዳ መልሶ እንዲያገግምበት በጓሯቸው በርሜል ውስጥ እንደ እርሾ ያኖራሉ፣ ጠዋት ማታ ያማስላሉ። ሚስታቸው በርሜሉን «ጣውንቴ» ይሉታል። ወንፊት ይህን ሳያውቅ፣ ገና በገባ ሰሞን፣ አጠራጣሪ ፈሳሽ አየሁ ብሎ ለአክስት ነግሯት ነበር። ኋላ ሲያውቅ አላረመውም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ደግነቱ ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ ይቀዳል። ሁለተኛውን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ለአለቃው ላከና ደወለ። አለቃው ሁሉንም ሰምቶ፣ የፋብሪካው ባለቤትም አክስትም እንዳይነቁ ሽማግሌው ይታሰሩ አለ።

«አንድ ቃል እንዳትናገር።»

«እሺ» አለ ወንፊት። ቶሎ ነው ያለው። ያ መቸኮሉ ራሱን አሳፈረው።

በማግስቱ ፖሊሶች ጋሼ ጓሮ ገቡ። ሠራተኛው ሁሉ ተከትሎ መጣ፤ ወንፊትም መጣ፣ መቅረት ያስጠረጥራላ።

«እርሾ ነው» አሉ ጋሼ።

«ዳቦ ነው እንዴ የሚጋግሩት?» ፖሊሶቹ ሳቁ።

ጋሼ በካቴና የታሰረ እጃቸውን ወደ ወንፊት ዘረጉ። «ልጄ፣ አንተ አብረኸኝ አማስለሃል። ንገራቸው።»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

ሚስታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ወንፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጋሼ ግን ፊታቸው አልጠቆረም፤ ጭራሽ አዘኑለት። «ተዉት» አሏቸው ፖሊሶቹን፣ «አዲስ ልጅ ነው፤ ፈርቶ ነው።»

ፖሊሶቹ በርሜሉን ሲጎትቱት ተገለበጠ። ያን ሁሉ ልፋት መሬት ጠጣው።

ሁለተኛው ጠርሙስ ተመርምሮ ፋብሪካው ታሸገ። ባለቤቱና አክስት ተያዙ። ያኔ ወንፊት ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። አለቃው ደውሎ አመሰገነው፤ ሽማግሌውም ተፈተዋል አለው።

«ምን አሉ?»

«አንተን እየፈለጉ ነው። በእኔ ጦስ ታስሮ ይሆናል እያሉ በየፖሊስ ጣቢያው ይጠይቃሉ።»

«ምን ተባሉ?»

«እንዲህ ያለ ሰው የለም ተባሉ።»

ወንፊት ስልኩን ዘጋ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ መንገደኛው መሀል ገባ።